መሃል አዲስ አበባ ሥር ያለው ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱና በአዳዲስ ሕንፃዎች ምክንያት መሃል አዲስ አበባ ያልተቆፈረ ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። ፒያሳ ተቆፍሯል፣ ካዛንቺስ ተቆፍሯል። ሲቆፈር ደግሞ ውሃ ይወጣል። ዝናብ ካቆመ ወራት ባለፉበት በጋ ላይ የመሠረት ጉድጓዱ ውሃ አቁሮ ይታያል። ፓምፑ ሲንጎራጎር ይውላል፣ ቱቦው ደግሞ መንገድ ላይ ይለቀዋል።

ይሄኔ ወሬው ይጦፋል። አንዱ «ድሮም ቦታው ምንጭ ነበር» ይላል። ሌላው «ምን ምንጭ አለ፣ ቧንቧ ፈንድቶ ነው» ብሎ ይስቃል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ሦስተኛ ማብራሪያ ተጨምሯል። «ከታች የሆነ ነገር እየተንቀሳቀሰ ነው» የሚል።

ሦስቱም የሚከራከሩት ስለ አንድ ውሃ የሚያወሩ እየመሰላቸው ነው። መሃል ከተማው ሥር ግን ቢያንስ ሦስት ዓይነት ውሃ አለ። ከላይ ያለው፣ ጠለቅ ያለውና ትኩሱ። መነሻቸው፣ ዕድሜያቸውና የሚያሰጋቸው ነገር ይለያያል። አንዱን የሚጎዳው ሌላውን ላይነካው ይችላል።

ከእንጦጦ እስከ አቃቂ

ነገሩ የሚጀምረው ከቁልቁለቱ ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ፍል ውሃ አካባቢ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። አቃቂ ስንደርስ ከፍታው ወደ 2,100 ይጠጋል። በታክሲ ሲሄዱት ብዙም ልብ አይባልም እንጂ ከተማዋ አንድ ትልቅ ተዳፋት ናት።

በዚህ ተዳፋት ላይ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊሜትር የሚደርስ ዝናብ ይወርዳል። አብዛኛው የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ብዙው ይተናል። ከፊሉ በቀበና፣ በቀጨኔ፣ በግንፍሌና በባንተይቀጡ ወንዞች ወርዶ ወደ አቃቂ ይሄዳል። የቀረው ወደ መሬት ይሰርጋል። የጽሑፋችን ጉዳይ ይህ የቀረው ነው።

የሚሰርግበት ዐለት በሙሉ የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። የእንጦጦው ክፍል ዕድሜው ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ወደ ደቡብ ስንወርድ እያነሰ ይሄዳል። አንድ የላቫ ፍሳሽ ይመጣና ይቀዘቅዛል። ከዚያ ሺህ ዓመታት ያልፋሉ። ላዩ ይበሰብስና አፈር ይሆናል። ሌላ ፍሳሽ ይመጣና አፈሩን ይቀብረዋል። ጥቁር ድንጋይ፣ ቀይ አሽ፣ የተጋገረ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ በመሃላቸው ደግሞ የተቀበረ የሸክላ አፈር፤ ጉድጓድ ቆፋሪ ወደ ታች ሲወርድ የሚያገኘው ይህን ነው።

የተሰነጣጠቀው ድንጋይና ቀዳዳማው ቀይ አሽ ውሃ ይይዛል፣ ያሳልፋልም። ባለሙያዎች አኩዊፈር የሚሉት ይህን ነው። በአማርኛ ውሃ አዘል ዐለት ልንለው እንችላለን። የተቀበረው ሸክላ ግን ውሃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የላይኛው ውሃና የታችኛው ውሃ በብዙ ቦታ ተለያይተው ይኖራሉ። «ከመሬት በታች ሐይቅ አለ» ወይም «የምድር ውስጥ ወንዝ ነው» ሲባል እንሰማለን። እዚህ ከተማ ሥር ያለው ውሃ ዐለት ስንጥቅ ውስጥ በቀስታ የሚሄድ ውሃ ነው። ፍጥነቱ በቀን ከጥቂት ሜትር አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል።

ምንጭ የሚፈልቀው ይህ ውሃ መሄጃ ሲያጣ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ሸክላ ይገጥመውና ወደ ጎን ይወጣል። ወይም ወንዝ ሸለቆውን ሸርሽሮ እስከ ውሃው ልክ፣ ማለትም መሬቱ በውሃ እስከተሞላበት ከፍታ ድረስ፣ ይደርሳል፤ የቀበና ዳርቻ ምንጮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ወይም ደግሞ የምድር ስብራት ከጥልቅ ወደ ላይ መንገድ ይከፍትለታል። የመጨረሻው የፍል ውሃ ጉዳይ ነው።

ትኩሱ ውሃ

አዲስ አበባ እዚህ የተቆረቆረችው በዚሁ ውሃ ምክንያት መሆኑን የማያውቅ የለም። የአፄ ምኒልክ መቀመጫ እንጦጦ ላይ ነበር፤ ብርዱና የእንጨት ችግሩ ግን አላስቀመጠም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፊንፊኔ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ መኳንንቱ ተከተሉ፤ ከተማው ወረደ። ዛሬ ቦታው በብሔራዊ ቤተ መንግሥት፣ በሸራተንና በግዮን ሆቴል መካከል ያለ ሰፈር ነው። ሂልተንም መዋኛ ገንዳው በዚሁ ውሃ የሚታወቅ ሆቴል ነው።

ውሃው ለምን ይሞቃል? በሰፊው የሚነገረው «ሥሩ እሳተ ገሞራ አለ» የሚለው ነው። ለዚህ ግን ቀልጦ የሚንተከተክ ድንጋይ ፍል ውሃ ሥር መኖሩ የግድ አይደለም። ምድር ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ትሞቃለች። በአማካይ በየኪሎሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል። አዲስ አበባ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ስላለች፣ የምድር ቅርፊቱም ወደ ሸለቆው እየሳሳ ስለሚሄድ፣ እዚህ ጭማሪው ከአማካዩ ይበልጣል። የፍል ውሃ ሙቀት 70 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የላይኛው የከርሰ ምድር ውሃ ሙቀት 17 ዲግሪ አካባቢ ነው ብንል፣ በአማካዩ ስሌት እንኳ ሁለት ኪሎሜትር ገደማ ጥልቀት ይበቃል። በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ከዚያም ያነሰ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። በከፍታው ላይ የዘነበ ዝናብ በስንጥቅ ወደ ጥልቅ ይወርዳል። እዚያ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ይሞቃል። ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጋው የፍል ውሃ ስብራት ደግሞ መውጫ ይሰጠዋል። የሚገፋው የራሱ ግፊት ነው፤ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ታች ያለውን ቧንቧ እንደሚገፋው። ቀለል ማለቱ፣ ማለትም የሞቀ ውሃ ከቀዝቃዛው መቅለሉ፣ ያግዘዋል።

ረጅም ቆይታው ጣዕሙ ላይ ይታያል። ትኩስ ውሃ ዐለቱን ያሟሟል። ሶዲየም፣ ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። ፍሎራይዱ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የፍል ውሃው ከዚህ በእጅጉ ያልፋል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የምናየው የጥርስ መበለዝ ምክንያቱ ይኸው ማዕድን ነው። ለመታጠብ ችግር የለውም። በጀሪካን ቀድቶ ዘወትር መጠጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማፍላት ደግሞ ፍሎራይድ አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም የቀረው ይወፍራል።

«ፍል ውሃ እየደረቀ ነው» የሚባለውስ? ዛሬ መታጠቢያ ቤቶቹ የሚያገኙት ውሃ በአብዛኛው ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በፓምፕ የሚሳብ ነው። በፓምፕ ሲሳብ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ በራሱ ይፈልቅ የነበረው ዓይን ይደክማል። ይህ በየትኛውም አገር ፍል ውሃ ላይ የሚታይ ነው። ስለዚህ ምንጩ መድከሙ ብቻውን ውሃው ማለቁን አያሳይም። ያን የሚያሳየው በጉድጓዱ ውስጥ ያለው የውሃ ልክ በዓመታት ሂደት መውረድ አለመውረዱ ነው።

የላይኛው ውሃ

መሠረት ሲቆፈር የሚገኘው ግን ይህ አይደለም። ከጥቂት ሜትር እስከ ጥቂት አሥር ሜትር ጥልቀት ያለው የላይኛው ውሃ ነው። ቀዝቃዛ ነው። ዕድሜው አጭር ነው። ክረምት ሲገባ ከፍ ይላል፣ ሚያዝያ ላይ ዝቅ ይላል።

የዚህ ውሃ ችግር ከላዩ ሰው መኖሩ ነው። የመሃል ከተማው አሮጌ ሰፈሮች የኖሩት በጉድጓድ መጸዳጃና በሴፕቲክ ታንክ ነው። የፍሳሽ መስመር የደረሰው በኋላ ነው፤ ሁሉንም ቤትም አላዳረሰም። ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርገው ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ይቀየራል። ናይትሬት ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ጣዕሙም አያስታውቅም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመሃል ከተማው ምንጮች ላይ ከፍ ያለ ናይትሬት ደጋግመው አግኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ጣሪያው የተቀመጠው በዋናነት ለጨቅላዎች ተብሎ ነው። በጡጦ የሚመገብ ሕፃን ናይትሬት የበዛበት ውሃ ሲጠጣ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። እናቶች ውሃውን ማፍላታቸው ጀርሙን ይገድላል፤ ናይትሬቱን ግን አያጠፋም።

ጥርት ያለ ምንጭ ንጹሕ ነው የሚለው እምነት ከገጠር የመጣ ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። እንጦጦ ዳገት ላይ የሚፈልቅ ውሃም በላዩ ቤት ስለሌለ የተሻለ ዕድል አለው። ከቀበና ወይም ከግንፍሌ ዳር የሚወጣው ግን በሺዎች ከሚቆጠሩ ቤቶች ሥር አልፎ የመጣ ነው። የጸበል ጉዳይ የእምነት ነውና ወደዚያ አልገባም። የውሃውን መንገድ ግን እምነት አይቀይረውም።

ምንጭ ነው ወይስ ቧንቧ?

አስፋልት ሰንጥቆ የሚወጣ ውሃ ሲታይ በጣም ቀላሉ ምርመራ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። የፈረቃውን ቀን መጠበቅ ብቻ ነው። ሰፈሩ ውሃ በሚጠፋበት ቀን ፍሰቱ ከቆመ ወይም ከቀነሰ፣ ውሃው የቧንቧ ነው። ተጠቃሚ በሚተኛበት ሌሊት ከጨመረም ያው ነው፤ ግፊቱ የሚበረታው ያን ጊዜ ነውና። ምንጭ ፈረቃ አያውቅም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥም። በኅዳር ብርድ ጠዋት እጅ ሲነከርበት ለብ ያለ ይመስላል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ቀዝቃዛ።

ሦስተኛው ክሎሪን ነው። የበረኪና ሽታ ካለው ከማጣሪያ ጣቢያ የመጣ ነው። ሽታ ባይኖረው ግን ቧንቧ አይደለም ማለት አይደለም። ክሎሪን አፈር ውስጥ ቶሎ ይጠፋል። እርግጡን ለማወቅ ላቦራቶሪ ናይትሬቱንና የጨው መጠኑን ይለካል። በናይትሬት የከበደ ከሆነ የላይኛው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ቀላልና ንጹሕ ከሆነ የለገዳዲ ወይም የገፈርሳ ግድብ ውሃ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ክርክሩን የሚያወሳስበው አንድ ነገር አለ። ከሚመረተው ውሃ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ደንበኛ ጋ ሳይደርስ ወይም ሳይከፈልበት እንደሚቀር ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። ከዚህ ውስጥ ሾልኮ የሚጠፋው የት ይሄዳል? ብዙው ወደ መሬት ይሰርጋል። ስለዚህ «ምንጭ ነው» ያለውም «ቧንቧ ነው» ያለውም እኩል ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ትናንት ከቧንቧ የሾለከው ዛሬ የከርሰ ምድር ውሃ ሆኖ ታች ሰፈር ይወጣል።

ቤዝመንት

ሦስትና አራት ፎቅ ወደ ታች መውረድ አሁን የተለመደ ነው። መሬቱ ውድ ነው፣ መኪና ማቆሚያ ግዴታ ነው። ቁፋሮው ከውሃው ልክ በታች ሲወርድ ውሃውን ማውጣት የግድ ይሆናል።

የግንባታ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ነገሩን አቅልለው ያዩታል። ፓምፑ ጊዜያዊ ነው፣ ኮንክሪቱ ሲያልቅ ውሃው ወደ ቦታው ይመለሳል ይላሉ። በከፊል እውነት ነው። የመሃል ከተማው መሬት በአብዛኛው ዐለትና የበሰበሰ ዐለት ስለሆነ፣ ውሃ ሲሳብ እንደ ሜክሲኮ ሲቲ ከተማው በሜትር የሚሰምጥበት ሁኔታ አይጠበቅም። ሜክሲኮ ሲቲ የተሠራችው ሐይቅ ወለል ላይ በተከማቸ ለስላሳ ሸክላ ላይ ነው።

የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ስጋት ሌላ ነው። የበሰበሰው ክፍል ወፍራም በሆነበት ቦታ ውሃው ሲወጣ አፈሩ ይኮማተራል። ፓምፑ ደቃቁን አፈር አብሮ ከሳበ ደግሞ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። አጠገብ ያለ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ አሮጌ ቤት ግድግዳው ይሰነጠቃል። ስንጥቁን የሚያየው ጎረቤት ነው፤ ፓምፑ ላይ ያለው ሰው አይደለም። ሚዛኑ ወደዚህኛው ወገን ያደላል ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ፓምፑ ሥራ ከጀመረ በኋላ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊትም የጎረቤት ግድግዳ ፎቶ መነሳትና መለካት አለበት።

ሕንፃው ካለቀ በኋላም ውሃው አይሄድም። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ አንድ ቶን ያህል ወደ ላይ ይገፋል። የቤዝመንቱ ወለል ከውሃው ልክ ስድስት ሜትር በታች ከሆነ በካሬ ስድስት ቶን ማለት ነው። መሐንዲሱ ሁለት ምርጫ አለው። ወለሉንና ግድግዳውን አጥብቆ ማሸግና ግፊቱን መሸከም፣ ወይም ከሥሩ የውሃ መሰብሰቢያ አድርጎ ዕድሜ ልኩን በፓምፕ ማውጣት። ሁለተኛው ሲገነባ ርካሽ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ጄኔሬተር ይፈልጋል። ፓምፑ ለግማሽ ቀን የቆመበት ቤዝመንት ውስጥ መኪና ያቆመ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

አስፋልትና ባሕር ዛፍ

ሌላው የሚያከራክረው የሚሰርገው ውሃ መጠን ነው። ከተማው በአስፋልትና በሲሚንቶ ሲሸፈን ዝናቡ ወደ መሬት አይገባም፤ በጎርፍ ይወርዳል። ይህ አያጠያይቅም። በሌላ በኩል የሚሾልክ ቧንቧና ሴፕቲክ ታንክ በጋ ከክረምት መሬቱን ያጠጣሉ። ብዙ ከተሞች ላይ እንደታየው ሁለተኛው የመጀመሪያውን ማካካስ ይችላል፤ አንዳንዴም ይበልጠዋል። እንግዲህ «አስፋልቱ ምንጮቹን ያደርቃቸዋል» የሚለው ስለ መጠኑ ሙሉ በሙሉ ትክክል ላይሆን ይችላል። ስለ ጥራቱ ግን ሁኔታው የባሰ ነው፤ ንጹሑ ዝናብ በቆሻሻ ፍሳሽ እየተተካ ነውና።

የእንጦጦው ባሕር ዛፍም አለ። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አውጥቷል። ምንጭ ያደርቃል ተብሎም ይከሰሳል። ክሱ መሠረት አለው፤ በፍጥነት የሚያድግ ወጣት ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ምንጭ አፍ ላይ ከሆነ ፍሰቱን ይቀንሳል። በአገር በቀል ዛፍ መተካቱ የዳገቱን ትንንሽ ምንጮች ሊጠቅም ይችላል። ከዛሬ ነገ ፍል ውሃን ይለውጠዋል ማለት ግን አይቻልም። ዳገቱ ላይ ዛሬ የተቀየረው ነገር እዚያ ጥልቀት እስኪደርስ ዘመን ይፈጃል። በሌላ በኩል ሁሉንም ዛፍ በአንዴ ቆርጦ መሬቱን ማራቆት ውሃው እንዲሰርግ ሳይሆን እንዲጎርፍ ያደርጋል።

የመሬት መንቀጥቀጡን በአጭሩ እንለፈው። መንቀጥቀጥ ስንጥቆችን ሊያጠብ ወይም ሊያሰፋ፣ የምንጭን ፍሰትና ሙቀት ሊቀይር ይችላል። የ2017ቱ መነሻ ግን ከአዲስ አበባ ከመቶ ኪሎሜትር በላይ የራቀ ነው። በዚህ ርቀት የሚጠበቀው የጉድጓድ ውሃ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። ለወራት የሚፈስ ውሃ ካለ ቅርብ ያለውን ቧንቧና ቁፋሮ መጀመሪያ ማየት ይሻላል።

ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ሁሉ

ፈረቃው ሲበዛ ሆቴሉም፣ ፋብሪካውም፣ አፓርታማውም የራሱን ጉድጓድ ያስቆፍራል። ከተማዋም ከግድቦቹ ባሻገር በአቃቂና በለገዳዲ ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ የምትመካው በየዓመቱ እየጨመረ ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱን ውሃ በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል። በእጅ ከሚቆፈር ጉድጓድ በስተቀር ቁፋሮ ፈቃድ ይጠይቃል።

ስለ ግል ጉድጓድ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስንት ውሃ እንደሚስብ ነው። ትልቁ ጥያቄ ግን ጉድጓዱ እንዴት ታሸገ የሚለው ነው። ሁለት መቶ ሜትር የወረደ ጉድጓድ የላይኛውን ቆሻሻ ውሃ፣ የተቀበረውን ሸክላና የታችኛውን ንጹሕ ውሃ፣ ማለትም ከሦስቱ ጠለቅ ያለው ያልነውን፣ በስቶ ያልፋል። በብረት ቱቦውና በዐለቱ መካከል ያለው ክፍተት የላይኛውን ውሃ እስከሚያልፍ ድረስ በሲሚንቶ ካልተሞላ፣ ናይትሬቱ በዚያ ክፍተት በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል። ተፈጥሮ በሸክላ ለይታ ያስቀመጠችው ይቀላቀላል። ተቆፍሮ ውሃ ያልተገኘበትና አፉ በድንጋይ ብቻ የተከደነ ጉድጓድ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ባለቤቱ ስለሚረሳው ማንም አይለካውም። የታችኛው ውሃ አንዴ ከተበከለ እንደ ወንዝ በአንድ ክረምት አይታጠብም። የገባው ናይትሬት እዚያው አሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የግል ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ከቆፋሪው ጋር ሲዋዋል፣ ከጥልቀቱና ከዋጋው ቀጥሎ የሲሚንቶ ማሸጊያው ስንት ሜትር እንደሚወርድ ውሉ ላይ ማስጻፍ አለበት።